ወድቆ መጣል

ሁለት ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች በምንጣፍ ላይ ተያይዘው ቆመዋል። አንደኛው የሌላውን ኮሌታና እጅጌ ጨብጦ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ተገፊው አንድ ሁለት ርምጃ ካፈገፈገ በኋላ እግሩን ተክሎ በተራው ይገፋል። የፊተኛው ሰው ይህን ሲጠብቅ ኖሯል። ግፊያውን በግፊያ በመመለስ ፋንታ በተጋጣሚው እግሮች መካከል ገብቶ በጀርባው ይተኛል፤ ያጠፈውን ቀኝ እግሩን ከተጋጣሚው እምብርት በታች ያሳርፋል፤ እጆቹ ግን የያዙትን አይለቁም። የሚገፋው ሰው የሚገፋው ነገር በድንገት ይጠፋበትና በተኛው ሰው ራስ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ጎብጦ ይሻገራል፤ ተንከባልሎም በሁለት እግሩ ይቆማል። በዚያች ቅጽበት አንድ እንግዳ ከደጅ ቢገባ ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ ይታየዋል። የጣለው ሰው ጣራ ጣራውን እያየ በጀርባው ተዘርግቷል፤ የተጣለው ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ይህ አጣጣል በጁዶ ቋንቋ «ቶሞዬ ናጌ» ይባላል፤ «ሱቴሚ ዋዛ» ከተሰኘው የአጣጣል ቤተሰብ አንዱ ነው። («ዋዛ» በጃፓንኛ ስልት ማለት ነው፤ ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ የሚሰጠው ትርጉም እዚህ ላይ አንባቢን እንዳያሳስት።) «ሱቴሚ» ከሁለት ቃላት የተሠራ ሲሆን አንዱ መጣልን፣ ሌላው ገላን ያመለክታል፤ በቀጥታ ሲመለስ «ገላን መጣል» እንደ ማለት ነው። ጃፓኖች ቃሉን ከትግል ምንጣፍ ውጭም ይጠቀሙበታል፤ ነፍሱን አስይዞ ወደ አንድ ነገር የሚገባ ሰው ሁኔታ በዚሁ ቃል ይገለጻል። የምዕራብ አገሮች ሰዎች ግን ስሙን ወደየቋንቋቸው ሲመልሱት «የመሥዋዕት አጣጣል» አሉት። በሁለቱ አጠራሮች መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። በመሥዋዕት ውስጥ ሠዊ አለ፤ መሠዊያ አለ፤ መሥዋዕቱን የሚቀበል አለ፤ ከሁሉም በላይ የሚሠዋ፣ ብዙውን ጊዜም ፈቃዱ ሳይጠየቅ የሚሠዋ ፍጡር አለ። በሱቴሚ ውስጥ ግን ጣዩም ተጣዩም በመጀመሪያ አንድ ሰው ነው።

ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ለማሸነፍ ብሎ የወደቀ ሰው በእርግጥ የሰጠው ነገር አለን? ካለስ፣ ያንን ስጦታ መሥዋዕት ለማለት የሚያበቃው ምንድን ነው?

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ጥያቄ ገና ከቃሉ ይጀምራል። ትግል የሚለው ስም ሁለት ጎረምሶች በመስክ ላይ የሚተናነቁበትንም፣ አንድ ሕዝብ ለመብቱ የሚያደርገውንም በአንድነት ይይዛል። መውደቅ ከፈረስም፣ ከፈተናም፣ ከሥልጣንም ነው፤ በጦር ሜዳ የሞተ ጀግናም ወደቀ ይባላል። «ራሱን ጣለ» የተባለ ሰው ግን ገላውን የማይታጠብ፣ ክብሩን የማይጠብቅ፣ ከሰው ተራ የወጣ ሰው ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር እንደሚበዛበትም ማንም ያውቃል። ስለዚህ ራስን መጣል ነውር መሆኑ ቀርቶ ጥበብ የሚሆንበትን ሥፍራ ማሰብ ለዚህ ቋንቋ ልጅ ጥቂት ይከብደዋል። ቢከብደውም ሥፍራውን ቀርቦ ቢያየው አይጸጸትም።

ጁዶን የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ የተወለደው በ1860 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ትምህርት ቤቱን ኮዶካንን የከፈተው በ1882፣ ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ 12 ምንጣፍ በምትይዝ ክፍል ነበር። ካኖ በሙያው መምህር ነው፤ የቶኪዮን ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት መርቷል። ከዚያ በፊት ከተማረባቸው ጥንታውያን የትግል ትምህርት ቤቶች አንዱ ኪቶ ሪዩ ይባል ነበር፤ «ኪ» መነሣት፣ «ቶ» መውደቅ ነው። የዚህ ትምህርት ቤት ስልት ጥሩር ለብሰው የሚተናነቁ ተዋጊዎችን ያሰበ ነበር። ከባድ ጥሩር የለበሰ ሰው ባላጋራውን በክንዱ ጉልበት ብቻ ከሚያነሣ ይልቅ የራሱን ክብደት ወደ መሬት ቢለቅቀውና ባላጋራውን አብሮ ቢስበው ይሻለዋል። ካኖ ከዚያ የወረሰውን «ኮሺኪ ኖ ካታ» የተባለ ሥርዓታዊ ትርኢት በኮዶካን አቆይቶታል፤ ታጋዩ ራሱን እየጣለ የሚጥልባቸው ስልቶችም በውስጡ ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ካኖ የጥንቱን ሁሉ እንዳለ አልተቀበለም። ለአካል አስጊ የሆነውን ከነጻ ልምምድ አወጣ፤ የቀረውን እንደ መምህር በቅደም ተከተል ደረደረው። በ1895 ወጥቶ በ1920 የተሻሻለው የአጣጣል ሥርዓተ ትምህርት 40 አጣጣሎችን በአምስት ክፍሎች ይመድባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች፣ ማለትም 16ቱ አጣጣሎች፣ ጣዩ ቆሞ የሚጥልባቸው ናቸው። ራስን መጣል ብቅ የሚለው በሦስተኛው ክፍል ነው፤ እስከ አምስተኛው መጨረሻ ሲቆጠር 11 ይደርሳል። «ናጌ ኖ ካታ» በተባለው ባለ 15 አጣጣል ሥርዓታዊ ትርኢትም እንዲሁ ነው። በእጅ፣ በዳሌና በእግር የሚጣሉት 9ኙ ይቀድማሉ፤ ሦስቱ በጀርባ፣ ሦስቱ በጎን እየወደቁ የሚጣሉት 6ቱ ይከተላሉ። አስቀድሞ መቆምን ያልተማረ ሰው መቆሙን ሊሰጥ አይችልም። ቆሞ መጣል የሚያቅተው ጀማሪ አቋራጭ መስሎት ወደ ሱቴሚ ሲሮጥ አሠልጣኙ የሚያቆመው ስለዚህ ነው፤ የሌለውን ነገር ሰጠሁ የሚል ሰው በየትኛውም ሙያ ቢሆን የሚታመን አይደለም።

ከሁሉም በፊት የሚሰጠው ትምህርት ግን አወዳደቅ ነው። ተማሪው አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ በክንዱ ምንጣፉን እየመታ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊት መውደቅን ይለማመዳል፤ ማንንም ሳይጥል ለብዙ ጊዜ ይወድቃል። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ሁለቱ ጫፎች መውደቅ ናቸው። በመጀመሪያው ጫፍ ሰውየው ሌላ ሲጥለው ሳይሰበር መውደቅን ይማራል፤ በመጨረሻው ጫፍ ራሱ ፈቅዶ መውደቅን። በመካከላቸው ያለው ረጅም ዘመን ሁሉ የመቆም ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ሥራው ውስጣዊ አካሄድ መግባት ያስፈልጋል፤ የግብረ ገቡ ጥያቄ የተደበቀው እዚያ ነውና። በጁዶ አንድን ሰው ለመጣል በቅድሚያ ሚዛኑን ማናጋት ይገባል። የቆመ ሰው ክብደቱ በሁለት እግሮቹ መካከል እስካረፈ ድረስ እንደ ምሰሶ ነው፤ ክብደቱ ከእግሩ ጣቶች አልፎ ወደ ፊት ሲያዘነብል ግን በትንሽ ኃይል ይከተላል። በተለመደው አጣጣል ጣዩ የራሱን ሚዛን ጠብቆ የሌላውን ሚዛን ያናጋል። ማሸነፍ ማለት እኔ ልቁም አንተ ውደቅ ማለት እንደ ሆነ የሚያስበው ተራ አስተሳሰብ ከዚህ ጋር ይስማማል። በሱቴሚ ግን ጣዩ የሚጠቀምበት ዋነኛ ኃይል የገዛ ራሱ ሚዛን ማጣት ነው። መላ ክብደቱን ከእግሮቹ ላይ አንሥቶ ለምድር ይሰጣል፤ ምድርም ስትስበው እጆቹ የያዙት ሰው አብሮ ይሳባል። የወደቀው ገላ መዘውር ይሆናል፤ የታጠፈው እግር ተሸካሚ ይሆናል፤ ከላይ የሚመጣው ሰው የገዛ ግፊያው ይወስደዋል።

ይህ እንዲሆን አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። የሚወድቀው ሰው ዳሌውን ከተጋጣሚው እግር ሥር አስጠግቶ ማሳረፍ አለበት። ፍርሃት የያዘው ሰው ይህን አያደርግም። ለመውደቅ ይወስናል፤ እየወደቀ ሳለ ግን ሰውነቱ ይመክራል፤ ዳሌው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አንድ እጁ ምንጣፉን ለመደገፍ ከያዘው እጅጌ ላይ ይላቀቃል። በእርሱና በተጋጣሚው መካከል አንድ ክንድ ያህል ርቀት ይፈጠራል። ያች አንድ ክንድ ነገሩን ሁሉ ታበላሻለች። የሳበው ክብደት ለመሳብ አይበቃም፤ ተጋጣሚው ሚዛኑን መልሶ ያገኛል፤ ከላይም ይጫነዋል። ዛሬ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ በጀርባው ተጭኖ ለ20 ሴኮንድ የተያዘ ሰው ውድድሩን ያጣል። ግማሹን ብቻ የሰጠ ሰው የከፈለው ዋጋ ግማሽ አይደለም፤ ሙሉ ነው። ምንም ያልሰጠው፣ ቆሞ የተከላከለው ሰው እንኳ ከእርሱ የተሻለ ዕድል ነበረው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይቀርባል። ይህ ሁሉ ሒሳብ ነው፤ ሰውየው ለማሸነፍ አስቦ ወደቀ፤ ቢሳካለት ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ተነሥቶም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ታዲያ ምኑን ሠዋ? ነጋዴም ገንዘቡን የሚያወጣው አብልጦ ለመመለስ ነው፤ ነጋዴን ሠዊ ያለው ማን ነው? የሚል ነው። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም። መሥዋዕት የሚለው ስም በየስብሰባው፣ በየሐውልቱ ምረቃና በየደብዳቤው ግርጌ እየተነሣ ከመለመዱ የተነሣ፣ ጥቂት ያመሸ ጸሐፊ ሁሉ መሥዋዕትነት ከፈለ እየተባለ ይጻፋል። ቃሉን ከእንዲህ ያለ ርካሽነት የሚጠብቅ ጥርጣሬ ጤናማ ጥርጣሬ ነው።

ቢሆንም ተቃውሞው አንድ ነገር ዘንግቷል። ገበሬው በክረምት መግቢያ፣ ጎተራው ሊራቆት በተቃረበበትና ልጆቹ እህሉን በዓይናቸው በሚለኩበት ወራት፣ ከቀረው ላይ ዘር ቀንሶ ይወጣና በእርሻው ላይ ይበትነዋል። ምርት እንደሚጠብቅ የታወቀ ነው። ሆኖም ምርት ስለ ጠበቀ ምንም አልሰጠም የሚለው ሰው የለም፤ የበተነውን ዘር ከጭቃ ውስጥ መልሶ አይለቅመውምና። ዝናቡ ቢቀር፣ ውርጭ ቢመታው፣ ተምች ቢገባበት፣ የሰጠው ሰጥቶ ቀርቷል። ነጋዴውና ገበሬው የሚለያዩት አንዱ ትርፍ ስለ ፈለገ ሌላው ስላልፈለገ አይደለም። ብልህ ነጋዴ እስከ መጨረሻው ሰዓት መውጫ በሩን ክፍት ያደርጋል፤ ዘሪው ከእጁ ያወጣውን አይጠራውም። የሱቴሚም ነገር እንደዚሁ ነው። ታጋዩ ከእግሮቹ ላይ ክብደቱን ባነሣባት ቅጽበት ወደ መቆም የሚመለስበት መንገድ ተዘግቷል። የሚያገኘው ነገር ገና አልታወቀም፤ የሰጠው ነገር ግን ከእጁ ወጥቷል። ስጦታውን መሥዋዕት የሚያሰኘው እንግዲህ ዋጋ ማግኘት አለማግኘቱ ሳይሆን ይህ መመለሻ ማጣቱ ይመስላል።

ካትሱሂኮ ካሺዋዛኪ የተባለው ጃፓናዊ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1981 በኔዘርላንድ ማስትሪክት ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ከ65 ኪሎ በታች አሸናፊ የሆነው ይህ ታጋይ በቶሞዬ ናጌና በመሬት ላይ ትግል የታወቀ ነበር። ሁለቱ ችሎታዎች በአንድ ሰው መገናኘታቸው አጋጣሚ አይደለም። በጀርባው ከተኛ በኋላ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ለመተኛት አይሰስትም። ይህን የሰማ ተጠራጣሪ «እንግዲያው መሬቱንም አስቀድሞ አመቻችቶ ነው የወደቀው» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ አመቻችቷል። ነገር ግን ያመቻቸበት ዘመን ራሱ የስጦታው ክፍል ነው። ሳይዘጋጁ መውደቅን ድፍረት አድርጎ የሚያሞግስ ሰው አወዳደቅ ያልተማረውን ጀማሪ አንገቱን እንዲሰብር እየመከረው ነው።

የጁዶ ዳኞችም ይህንኑ ጉዳይ በየዕለቱ ይፈርዱበታል፤ ፈላስፎች በመጽሐፍ የሚከራከሩበትን እነርሱ ፊሽካ በማይነፋበት ፀጥታ፣ በዓይን ጥቅሻ ጊዜ ውስጥ መወሰን አለባቸው። ሁለት ሰዎች አብረው ሲወድቁ ማን ነው የጣለው? ቀድሞ ምንጣፍ የነካውን ብቻ የሚያይ ዳኛ ሱቴሚን በጠቅላላ ለተሸናፊ በሰጠው ነበር። ስለዚህ ዳኛው የሚመለከተው ውድቀቱን የመራው ማን እንደ ሆነ ነው። ሙሉ ነጥብ የሚሰጠው ተጣዩ በጀርባው፣ በኃይልና በፍጥነት፣ በጣዩ ቁጥጥር ሥር ሲወድቅ ነው። በመሬት ላይ የተዘረጋ ሰው የውድቀቱ ጌታ ሊሆን እንደሚችል፣ ከላይ ያለውም ሰው ተወሳጅ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ደንቡ ያምናል።

ደንቡ ሌላም ነገር ያውቃል። የደከመ ታጋይ ወይም ጊዜ ለማባከን የሚፈልግ ታጋይ ራሱን እየጣለ የሱቴሚ መልክ ያሳያል። መያዣው የላላ ነው፤ የተጋጣሚውን ሚዛን አልነካም፤ ለመጣል አሳብ የለውም፤ ከመጋፈጥ ለማምለጥ መሬቱን እንደ መጠለያ ተጠቀመበት። ከሩቅ ለሚያይ ተመልካች ይህና እውነተኛው አጣጣል አንድ ናቸው፤ እንዲያውም ሐሰተኛው አንዳንድ ጊዜ ይበልጥ ያምራል። ደንቡ ግን የሐሰት ጥቃት ብሎ ይቀጣዋል። የመሥዋዕት መልክ ያለው፣ ነገር ግን ከሥራ የሚሸሽ ውድቀት ቅጣት ይገባዋል የሚል አንቀጽ ያለበት ሕግ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝ ይሆናል። ለሥነ ጥበብ ሰዎችም የማይጎረብጥ አይደለም፤ በመድረክ ላይ እየተንገዳገደ፣ ስለ ጥበብ ነደድሁ ተቃጠልሁ እያለ ተመልካቹን ከሥራው ድክመት ላይ ዓይኑን የሚያስነሣ ከያኒ በዚህ አንቀጽ ቢዳኝ ምን ያህል ቅጣት ይጠብቀው ነበር?

እስካሁን የታየው የሰጪው ገጽ ብቻ ነው። ሌላ ገጽ አለ። ከጎን እየወደቁ ከሚጣሉት መካከል ኮዶካን በስም የሚያውቀው «ካኒ ባሳሚ» የሚባል አለ፤ የሸርጣን መቀስ እንደ ማለት ነው። ጣዩ አንድ እጁን ምንጣፍ ላይ አስደግፎ ወደ ጎን ይዘልና እግሮቹን እንደ መቀስ ከፍቶ በተጋጣሚው እግሮች ፊትና ኋላ ያስገባል፤ ወደ ኋላም ይቆርጠዋል። በመልኩ ከሱቴሚ አይለይም፤ ጣዩ መቆሙን ሰጥቷል፤ መመለሻም የለውም። ልዩነቱ ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። በ1980 ጃፓን ውስጥ በተደረገ ውድድር የዘመኑ ታላቅ ታጋይ ያሱሂሮ ያማሺታ በዚህ አጣጣል የእግሩ አጥንት ተሰበረ። ያማሺታ ከ4 ዓመት በኋላ በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ወርቅ እስኪያጠልቅና በ1985 ሳይሸነፍ ውድድር እስኪያቆም ድረስ ታሪኩ ቀጠለ፤ አጣጣሉ ግን ከውድድር ታገደ። እግርን በእግር ጠምዝዞ ወደ ኋላ አብሮ የሚያስወድቀው «ካዋዙ ጋኬ»ም እንዲሁ የተከለከለ ነው። ሁለቱም ስማቸው ከዝርዝሩ አልተፋቀም፤ ስልት መሆናቸው አልተካደም። የተካደው በዚያ መልክ የመጠቀም መብት ነው። አንዱ ራሱን ጣልሁ ሲል የሌላው ጉልበት ዋጋውን ከከፈለ፣ ያ መሥዋዕት የራስ መሆኑ ቀርቷል።

ከዚህ አኳያ ሲታይ በቶሞዬ ናጌ ውስጥ የጣዩ እጆች አለመላቀቃቸው ትልቅ ትርጉም ያገኛል። እጅጌውን ይዞ የሚቆየው ለመጣል ብቻ አይደለም። የተሻገረው ሰው አቅጣጫውን እንዳይስት፣ ተንከባልሎ እንዲያርፍ የሚመራው ያ መያዣ ነው። ካኖ በ1922 ባጸናቸው ሁለት የጁዶ መርሖች መጀመሪያው ኃይልን በመልካም ሥራ ላይ ማዋል፣ ሁለተኛው ራስና ሌላው አብሮ መበልጸግ ነው። የመጀመሪያው ብቻውን ቢሆን ካኒ ባሳሚን አይከለክልም፤ በትንሽ ኃይል ትልቁን ሰው ይጥላልና። የሚከለክለው ሁለተኛው ነው። ነገ የሚለማመዱበት ጓደኛ ከሌለ ጁዶ የለም።

ታሪክ ይህን መርሕ ክፉኛ ፈትኖታል። ጁዶና የሰይፍ ትምህርት በ1931 በጃፓን የወንዶች መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ግዴታ ሆኑ። ካኖ ከካይሮው የኦሊምፒክ ኮሚቴ ስብሰባ ሲመለስ በሜይ 1938 በመርከብ ላይ ዐረፈ፤ በቻይና ላይ የተከፈተው ጦርነት በዚያን ጊዜ አንድ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። በ1943 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየክፍላቸው ተነሥተው ወደ ጦሩ ገቡ። በኦክቶበር 1944 በፊሊፒንስ ግንባር አውሮፕላናቸውን ከነራሳቸው በጠላት መርከብ ላይ የሚወረውሩ ቡድኖች ተሠማሩ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ በዚህ ዓይነት ከ3 ሺህ በላይ አብራሪዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ገና ሃያዎቹን የጀመሩ ነበሩ። በጓዶቻቸው ፊት ተሰልፈው ፈቃዳቸው የተጠየቁ ነበሩ፤ በእንዲህ ያለ ሰልፍ እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚቻል ለማንም ግልጽ ነው።

ገላን መጣል የሚለው ቃል ለዚህም ይስማማል የሚል ይኖር ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ ይመስላል፤ እነርሱም መመለሻ አልነበራቸውም፤ ምናልባት ከማንም በላይ ሙሉ አድርገው ሰጥተዋል። የእነዚያን ልጆች ድፍረት መናቅ ትንሽነት ነው። ይሁን እንጂ በምንጣፉ ላይ ያለው ነገር በዚያ የለም። በምንጣፉ ላይ የመውደቂያዋን ቅጽበት የሚያውቃት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተጋጣሚው ግፊያ በመዳፎቹ ውስጥ የሚሰማው ሰው። ያች ቅጽበት ከእጁ ወደ እጁ የምትመጣ እንጂ ከውጭ የምትነገር አይደለችም። አሠልጣኝ ከዳር ሆኖ «አሁን ውደቅ!» ቢል ጊዜው አልፏል፤ እንዲያውም ዛሬ ባለው የውድድር ደንብ ትግሉ ሲቆም ካልሆነ በቀር ለተማሪው መናገር አይፈቀድለትም። ለአብራሪዎቹ ግን ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ መርከቡም በሌሎች ተወስኖ ተሰጣቸው። ከወሰኑት አብዛኞቹ በአውሮፕላኑ ውስጥ አልነበሩም። ሱቴሚ ራስን መጣል መሆኑ ቀርቶ ሰውን መጣል ሆነ።

እዚህ ላይ ደርሶ ማንም ከማንም መሥዋዕትነት ሊጠይቅ አይገባም ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ስሕተትም ነው። ማንም የማይሰጥበት ኅብረተሰብ አይቆምም። ወደ ሩቅ ወረዳ ሄዶ አንድ ክፍል በሆነች ትምህርት ቤት ፊደል የሚያስቆጥር መምህር፣ ወረርሽኝ ባለበት መንደር የምታድር ነርስ፣ አንድ ሥራ በትክክል እስኪያልቅ ድረስ ዓመታቱን የሚያፈስ ሠዓሊ፣ እነዚህ ሁሉ መቆሚያቸውን ይሰጣሉ። መልካም አሠልጣኝም ሱቴሚን ያስተምራል፤ አይሰውረውም። ልዩነቱ በአሠራሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ተማሪው ሳይሰበር መውደቅ እንዲችል ያደርገዋል። ቀጥሎ ቆሞ መጣልን ያስተምረዋል፤ መውደቅ ብቸኛ አማራጩ እንዳይሆን። ከዚያ በኋላ ራሱ ቀሚሱን አጥብቆ ታጥቆ በምንጣፉ ላይ ይወጣና ተጣይ ይሆንለታል፤ አንድ ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ መቶ ጊዜ በተማሪው ራስ ላይ ይሻገራል። የሱቴሚን ትምህርት ከወንበር ላይ ሆኖ ያስተማረ የለም። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ አሠልጣኙ ከዳር ይቀመጥና ዝም ይላል። በውድድሩ ቀን ተማሪው እየተገፋ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ ሳይወድቅ ቆሞ ቢሸነፍም ሊወቅሰው የሚችልበት አንቀጽ የለውም። ይህ ዝምታ ለአሠልጣኝ ከሁሉ የከበደው ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙዎቹም አይችሉትም።

በናጌ ኖ ካታ ትርኢት ላይ ከቶሞዬ ናጌ በኋላ ጥቂት ጊዜ ፀጥታ ይሆናል። የተጣለው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ የጣለው ሰው በምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። እርስ በርስ አይተያዩም። ከዚያ የተኛው ሰው ሳይቸኩል ይነሣል፤ የቆመው ሰው ይዞራል፤ ሁለቱ እንደገና ይቀራረቡና በዚህ ጊዜ በግራ በኩል ይያያዛሉ። ሥርዓቱ እያንዳንዱን አጣጣል በቀኝም በግራም ማድረግን ያዛል። አንደኛው ይገፋል፤ ሌላው ያፈገፍጋል፤ እግሩን ተክሎም መልሶ ይገፋል።